በሰው አገር የቆመ መምህር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልማድ መንገደኛው ተማሪው ነው። መምህሩ በደብሩ ወይም በገዳሙ ጉባኤ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ተማሪው ግን ከጎጃም ወደ በጌምድር፥ ከሸዋ ወደ ወሎ፥ ከትግሬ ወደ ላስታ አኰፋዳውን አንግቶ፥ ለምዱን ደርቦ ይሻገራል። በደረሰበት መንደር ውሻ ይጮኽበታል፤ ልጆች ይከቡታል፤ አነጋገሩን ሰምተው የየት አገር ሰው እንደ ሆነ ይገምታሉ። ይሁን እንጂ እንግድነት የተማሪ ዕጣ መሆኑ ስለሚታወቅ ማንም አይደነቅበትም። ቁራሹን ይሰጡታል፤ እርሱም የእመቤታችንን ስም ጠርቶ፥ መርቆ ያልፋል።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሌላው እንግዳ ነው፤ ይኸውም መምህሩ ራሱ እንግዳ ሆኖ በሰው አገር ስለሚቆምበት ጊዜ ነው። ይህ ፈተና ከተማሪው ፈተና ይለያል። እንግዳ ተማሪ ቢሳሳት «ገና ተማሪ ነው» ይባልለታል። እንግዳ መምህር ቢሳሳት ግን የተሳሳተው እርሱ ብቻ አይሆንም፤ ወገኑም አገሩም አብረው እንደ ተሳሳቱ ይቈጠራል። ሰዎች አስቀድመው መልኩን ያያሉ፥ ልብሱን ያያሉ፥ አበላሉን ያያሉ፤ ቃሉን የሚሰሙት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና በቆመ ጊዜ ከከበቡት ሰዎች ብዙዎቹ የመጡት አዲስ ነገር መስማት ስለሚወዱ ብቻ እንደ ነበረ ቅዱስ ሉቃስ በግብረ ሐዋርያት ጽፎልናል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር በሁለት ወገን እናውቀዋለን። እንግዳ መምህር ተቀብለናል፤ ከኛም ወገን በባዕድ አገር እንግዳ መምህር የሆኑ አሉ።

ስለ ተቀበልነው አስቀድሜ ጥቂት ልበል። በአራተኛው መቶ ዓመት ከጢሮስ ሰዎችን ይዛ የመጣች አንዲት መርከብ በቀይ ባሕር ዳር ስትደርስ የአገሩ ሰዎች አደጋ ጥለው ተሳፋሪዎቹን ፈጁ። ፍሬምናጦስና ኤድስዮስ የተባሉ ሁለት ልጆች ብቻ ተርፈው ወደ ንጉሡ ቤት ተወሰዱ። ይህን ታሪክ ሩፊኖስ የተባለው ጸሐፊ ከራሱ ከኤድስዮስ አፍ እንደ ሰማው ይናገራል። ልጆቹ አድገው በቤተ መንግሥት ተሾሙ፤ ንጉሡ በሞተ ጊዜም ንግሥቲቱ ልጇ እስኪጎለምስ ድረስ በመንግሥቱ ሥራ እንዲረዱአት ለመነቻቸው። ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ ኤድስዮስ ወደ ዘመዶቹ ወደ ጢሮስ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለዚያ አገር ጳጳስ ይላክ ብሎ ቅዱስ አትናቴዎስን ቢያሳስብ ራሱ ተሹሞ ተላከ። አንድ መርከብ ካመጣቸው ከሁለቱ አንዱ ወደ አገሩ፥ አንዱ ወደ እንግድነቱ ተመለሰ ማለት ነው።

እንግድነቱም ቀላል አልነበረም። በ356 ዓ.ም. ገደማ የታላቁ ቈስጠንጢኖስ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ቈንስጣንዮስ ለአክሱም ነገሥታት፥ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስ ወደ ግብፅ ተመልሶ በአርዮሳውያኑ ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤውን ቅዱስ አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ አኑሮልናል። ነገሩን አስተውሉት፤ መምህሩ ለሚያስተምራቸው ሰዎች ባዕድ ነው፤ በተወለደበት አገር መንግሥት ዘንድ ደግሞ ተጠርጣሪ ሆነ። የሚሸሸግበት ወገን የለውም። ቤተ ክርስቲያናችን ግን የአትናቴዎስን እንጂ የአርዮስን ትምህርት አልተቀበለችም። ሕዝቡም ለዚህ ሰው አዲስ ስም አወጣለት፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን አለው። ታኅሣሥ 18 ቀን ሢመቱን፥ ሐምሌ 26 ቀን ዕረፍቱን ስናስብ የጢሮስ ሰው መሆኑ ትዝ የሚለን ጥቂቶች ነን። ተስዐቱ ቅዱሳንም እንዲሁ ናቸው፤ ከልዩ ልዩ አገር መጥተው ዛሬ የምንጠራቸው በደብረ ዳሞና በመደራ፥ በሰፈሩበት ተራራችን ስም ነው።

ወደ ሁለተኛው ወገን ልለፍ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በሮም ከተማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ጀርባ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዛሬም በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ይገኛል። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆኖ ነበርና ወደ ሮም የሚሻገሩ መነኰሳት እዚያ ያድሩ፥ እዚያም ይጸልዩ ነበር። በ1511 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ አገር ካህን የእነዚህን ሰዎች ዜማ ሰማ። ከማያውቀው ቋንቋ ውስጥ የእመቤታችንንና የሐዋርያትን ስም ጆሮው ለየ። ከዚያም ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ እያስተማረው በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በግዕዝ ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው። ነገር ግን ፖትከን የተማረውን ቋንቋ የከለዳውያን ቋንቋ ነው ብሎ ሰየመው። ቶማስ ፊደሉን ከነመልኩ፥ ዳዊቱን ከነቍጥሩ አስጨብጦት የቋንቋውን ስም ማስጨበጥ ግን ተሳነው! ለማስተማር የተቀመጠ ሁሉ እንዲህ ያለ ተማሪ አያጣም።

ከርሱ በኋላ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው ቤት ተቀምጠው በ1548ና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ፊደል የሚለቅሙት ሠራተኞች ግዕዝ አያነቡም፤ እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው ደግሞ የማተሚያውን ጥበብ አያውቁም ነበርና ለተገኘው ስሕተት ሁሉ አንባቢውን ይቅርታ ጠይቀዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ሰፋ አድርጌ ልናገርላቸው የምሻው አባ ጎርጎርዮስን ነው።

አባ ጎርጎርዮስ የአማራ ምድር ሰው፥ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ነበሩ። መካነ ሥላሴ ዐፄ ናዖድ ያስጀመሩት፥ ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት፥ እርሱም በግራኝ ጦርነት ጊዜ በ1531 የተቃጠለበት ስፍራ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከቃጠሎው ሁለት ትውልድ ያህል ቆይተው ቢወለዱም ሌላ እሳት ጠበቃቸው። ዐፄ ሱስንዮስ የኢየሱሳውያንን ትምህርት ተቀብለው ሕዝቡን በዐዋጅ ቢያስገድዱ አባት በልጁ ላይ፥ ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻም በ1632 ንጉሡ ራሳቸው የአባቶቻችን ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቀዱ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲልም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። አባ ጎርጎርዮስ በዚያ ክርክር ከኢየሱሳውያን ወገን ቆመው ነበርና አገራቸውን ለቀው ወጡ፤ ብዙ ዘመንም በስደት ቆዩ።

ይህን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን ማጣመም ይሆንብኝ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ዘንድ ስማቸው እምብዛም የማይነሣውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። እኔ ግን የአንድን ሰው የሳተበትን መንገድ ብቻ አይቶ የሠራውን ሥራ አላይም ማለት የቀና ፍርድ አይደለም እላለሁ። የነፍሳቸውን ነገር ለፈጠራቸው ትተን የመምህርነታቸውን ነገር እንመርምር።

በ1649 አባ ጎርጎርዮስ በሮም በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ሳሉ አንድ የሃያ አምስት ዓመት ጀርመናዊ መጣባቸው። ስሙ ሂዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ ሂዮብ ማለት በኛ አጠራር ኢዮብ ነው። የኤርፉርት ከተማ ልጅ ነው። ወደ ሮም የመጣው በሌላ ጉዳይ፥ ለስዊድን መንግሥት ጽሑፍ እንዲፈልግ ተልኮ ነበር። ግዕዝን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ወዶ ያለ መምህር በመጻሕፍት ብቻ ተምሯል፤ ያ የፖትከን ዳዊትና ዌመርስ የተባለው መነኵሴ በ1638 ያሳተመው መዝገበ ቃላት ነበሩ መምህሮቹ። እንግዲህ ግዕዝን ከወረቀት ብቻ የለቀመ ሰው ንባቡ ምን እንደሚመስል ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል።

እስቲ ነገሩን በኛ በአብነት ተማሪዎች ዓይን እንመልከተው። ግዕዝ ለአባ ጎርጎርዮስ የመጽሐፍና የጸሎት ቋንቋ ነው እንጂ በገበያ የሚነጋገሩበት አልነበረም፤ የእናታቸው ቋንቋ አማርኛ ነው። ሉዶልፍም የእናቱ ቋንቋ ጀርመንኛ ነው። ስለዚህ መምህርና ተማሪ የተገናኙት ለሁለቱም አፍ መፍቻ ባልሆነ ቋንቋ ነው። ኋላም የሚጻጻፉት በግዕዝ ሆነ። በኛ ዘንድ ደግሞ ንባብ የሚወሰደው ከመምህር አፍ ነው። ተነሺውን ከወዳቂው፥ ሰያፉን ከተጣዩ የሚለይ ምልክት በብራናው ላይ የለም፤ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደልም መልኩ አንድ ነው። በአማርኛም ቢሆን «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን መኖርን ያሳያል። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ የጌታችን የልደት በዓል ነው። ይህን ሉዶልፍ ከየትኛው መጽሐፍ ያገኘዋል? «ጠ»ንና «ጸ»ን፥ «ቀ»ንና «ጨ»ን የጀርመን ጕሮሮ እንዴት አድርጎ ያወጣቸዋል? አባ ጎርጎርዮስ ያን ጊዜ በአውሮፓ ምድር ላይ ለዚህ ሰው የተሰጡት እውነተኛ መጽሐፍ እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ደግሞም ሌላ ነገር አለ። በኛ ትምህርት ቤት ተማሪው በመጀመሪያው ቀን «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ አይጠይቅም። የተነገረውን ይቀበላል፥ ይቀጽላል፥ ይወጣዋል፤ ምሥጢሩ ኋላ በቅኔ ቤትና በትርጓሜ ቤት ይገለጥለታል። የአውሮፓ ተማሪ ግን በመጀመሪያ ምክንያቱን ይሻል። ይህ ግሥ ከየትኛው ይወለዳል? ርባታው ከዚያኛው ስለ ምን ተለየ? ብዙ ቍጥሩ ስለ ምን እንዲህ ወጣ? እያለ ይጨቀጭቃል። አገሩ ተቀምጦ የሚያስተምር መምህር እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይገጥመው ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። በሰው አገር የቆመው ግን እንደ እስትንፋሱ ሳያስበው የያዘውን ነገር አውጥቶ፥ በእጁ ይዞ፥ ለባዕድ እንዲያሳይ ይገደዳል። እንግድነት ለመምህር የሚሰጠው አንድ ጸጋ ቢኖር ይህ ይመስለኛል፤ የገዛ ቤቱን ከውጭ ያሳየዋል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1652፥ ሉዶልፍ በሳክስ ጎታ መስፍን በኤርንስት ቤት ያገለግል ነበር። ይህ ኤርንስት ሕዝቡ መንፈሳዊው ኤርንስት ብሎ የጠራው፥ ትምህርት የሚወድ መስፍን ነው፤ በ1642 ባወጣው ሥርዓት ወንዶችም ሴቶችም ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ አድርጓል። መስፍኑ አባ ጎርጎርዮስን ከሮም አስጠራቸው። እርሳቸውም የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ወደ ጀርመን ምድር ገቡ፤ ሉዶልፍ ኑርንበርግ ድረስ ሄዶ ተቀበላቸው፤ በሰኔ ወር ጎታ ደረሱ። ያረፉበት የፍሪደንሽታይን ግንብ ገና በመሠራት ላይ ነበር። አገሩም ቢሆን በጦርነት የተጎዳ አገር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክርስቲያን ከክርስቲያን የተላለቀበት ጦርነት ያበቃው በ1648፥ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ስለ ሃይማኖት ደም ሲፈስ በአገራቸው አይተው የወጡ ሰው ያንኑ ቍስል በባዕድ አገር አገኙት።

በዚያች ትንሽ ከተማ፥ ጥቍር መልክ ያላቸው፥ በዕድሜ የበሰሉ አንድ ኢትዮጵያዊ ካህን ሲገቡ ስንት ዓይን እንደ ተከተላቸው መገመት አያዳግትም። በአገራቸው ቢሆን ከብዙ ካህናት መካከል አንዱ ናቸው፤ በጎታ ግን ሌላ ኢትዮጵያዊ ስለሌለ ኢትዮጵያ ማለት እርሳቸው ሆኑ። መስፍኑና አማካሪዎቹ ይጠይቋቸዋል፤ ሉዶልፍ ይጽፋል። ስለ ነገሥታቱ፥ ስለ ዓባይ ወንዝ፥ ስለ ጾሙ፥ ስለ ጥምቀቱ፥ ስለ ቍርባኑ ጠየቋቸው። «በኛ አገር እንዲህ ነው» ባሉ ቍጥር አንድ ሰው ስለ ብዙ ሕዝብ መስክሮ ቃሉ በወረቀት ይቀራል። ጎረቤት መጥቶ የሚያርመው፥ የሚያክልበት የለም። ከባድ ሸክም ነው።

ይህን ሸክም ዛሬም የተሸከሙት ብዙዎች ናቸው። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም በበርሊን፥ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በናፖሊ አማርኛን ሲያስተምሩ ከመቶ ዓመት በፊት ተሸክመውታል። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የሚያገለግሉ ካህናቶቻችን ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፥ መስቀላቸውን ይዘው በብርድ መንገድ ላይ ሲያልፉ ይህን ያውቁታል። በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ያሉት ምእመናንም ያውቁታል፤ ተማሪዎቻቸው ከትምህርቱ አስቀድመው ስለ አገራቸው ይጠይቋቸዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚጠየቀው ስለ ረኃብና ስለ ጦርነት ነው። አንዳንዱ መታየቱን ስለሚያፍርበት ስሙን ያሳጥራል፥ ጾሙን ይሸሽጋል። አንዳንዱ ደግሞ መታየቱ ደስ ብሎት የሌለውን ነገር ጨምሮ ያወራል። ሁለቱም ለሰው ዓይን መገዛት ነው፤ እኔ ሁለተኛው የባሰ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው የሚጎዳው ራሱን ነው፤ ሁለተኛው ግን የሚሰሙትን ሁሉ ያሳስታል።

አባ ጎርጎርዮስ በዚህ ረገድ እንዴት ሆኑ? በዘመናቸው አውሮፓውያን ስለ ኢትዮጵያ የሰሙት ተረት ብዙ ነበር። ካህንም ንጉሥም ስለ ሆነው ስለ ቄስ ዮሐንስ የሚወራው ወሬ ገና አልሞተም። በ1610 ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ የእስጳንያ መነኵሴ ኢትዮጵያን ሳያይ በቫሌንሲያ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ በግሼን አምባ ላይ ወሰን የሌለው የመጻሕፍት ክምችት እንዳለ፥ የእርሱ ማኅበር መነኰሳትም በሺህ እየተቈጠሩ በአገራችን እንደሚኖሩ ጻፈ። በጎታ የተቀመጡት አባ ጎርጎርዮስ ደግሞ የዚያው የአማራ ምድር ሰው ናቸው። ተረቱን ማጽደቅ እጅግ ቀላል ነበር። ከወርቅ ቤት የመጣ ሰው በመስፍን ማዕድ ላይ ይበልጥ ይከበራልና። ሉዶልፍ ግን ኋላ የጻፈው ታሪክ ተረቱን እያፈረሰ የሚሄድ ታሪክ ነው፤ የኡሬታንም ነገር ይነቅፋል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚታመንበት ምስክር ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። እንግዲህ እኒህ ሰው በባዕድ ማዕድ ተቀምጠው «የለም፥ እንዲህ አይደለም» ማለትን ችለዋል። የአገርን ክብር በሐሰት ከማስፋት በልክ መናገር እንደሚሻል ያወቁ መምህር ነበሩ ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ጭንቁ የሃይማኖት ጥያቄ ነው። በጎታ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የተጠየቁትና የመለሱት ተጽፎ ቀርቷል። ሁኔታቸውን አስቡት፤ ከሮም የመጡ ናቸው፤ የጠሯቸው ግን ከሮም የተለዩ የሉተር ተከታዮች ናቸው፤ የሚጠየቁት ደግሞ ስለ ሦስተኛው፥ ጥለውት ስለ ወጡት ስለ እናት አባታቸው ሃይማኖት ነው። ሮም የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ልታርማት ትሻለች፤ ጎታ ደግሞ ለክርክሯ ምስክር ልታገኝባት ትሻለች። በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን በግዝረትና በሰንበት ምክንያት በአይሁድነት ትከሰስ ነበር። ለዚህ ክስ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የሃይማኖት ቃል መልስ ሰጥተውበታል። የአባ ጎርጎርዮስ ተማሪ ሉዶልፍ ያን የንጉሡን ቃል አሳትሞ የአውሮፓ ሰዎች እንዲያነቡት አደረገ። ኢየሱሳውያን የጻፉብንን ብቻ አንብቦ ሊቀር ይችል ነበር፤ ኢትዮጵያዊ መምህር ባያገኝ ኖሮ እንደ ሌሎቹ በሆነ ነበር። ጥለውን የወጡት ሰው፥ ባላሰቡት መንገድ፥ ስለ እኛ ጆሮ ከፈቱልን። ይህን ስመለከት የእግዚአብሔር አሠራር ያስደንቀኛል።

በጎታ የቆዩት ሦስት ወር ያህል ነው። ክረምቱ ሳይገባ፥ በመስከረም ወር ላይ ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ መምህርና ተማሪ የተገናኙት በደብዳቤ ብቻ ነው፤ አንዱ ከኢጣሊያ፥ ሌላው ከጀርመን በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። በዚያን ጊዜ የአልፕስን ተራራ የሚያቋርጥ ፖስታ የኛን ፊደል ይዞ ይመላለስ እንደ ነበር ማሰብ ደስ ያሰኛል።

በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ። ዐፄ ፋሲል ገና በመንግሥት ነበሩ፤ በስደት የወጣ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም፤ ቢሆንም ተነሡ። መርከባቸው በሶርያ ባሕር፥ በእስክንድሮና አጠገብ ተሰበረች፤ እርሳቸውም በዚያ ሰጠሙ። አባ ሰላማን የመርከብ አደጋ ወደ ኢትዮጵያ አገባው፤ አባ ጎርጎርዮስን የመርከብ አደጋ ከኢትዮጵያ አስቀራቸው።

መስፍኑ ኤርንስት በ1663 የሉዶልፍን ተማሪ ቫንስሌብን ወደ ኢትዮጵያ ላከው። ይህ ሰው ቀደም ብሎ በ1661 የሉዶልፍን የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በለንደን ያሳተመ ነው። ከግብፅ ግን አላለፈም፤ ወደ ሮም ሄዶ ከላኪዎቹ ሃይማኖት ወጣ። የላከው መስፍን እንዴት እንዳዘነ አይጠየቅም።

ሉዶልፍ ግን ሥራውን አልተወም። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፥ በ1691 የዚያን ታሪክ ሐተታ አሳተመ። በሐተታው ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስ ሥዕል ታትሞ ይገኛል፤ ከሞቱ ሠላሳ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ጎታ በ1652 ያየችው ፊት ለእኛም የደረሰን በዚህ ምክንያት ነው። በ1698፥ ሉዶልፍ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ሳለ፥ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት አወጣ። የአማርኛ ሰዋስው በአውሮፓ ሲታተም ያ የመጀመሪያው ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ በ1704 ዐረፈ።

ዛሬ በጀርመን አገር በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት የሚካሄድበት ማዕከል አለ፤ የተሰየመውም በሂዮብ ሉዶልፍ ስም ነው። ተማሪው ይገባዋል፤ ዕድሜውን ሁሉ ሰጥቶበታል። የመምህሩ ስም በበሩ ላይ የለም። የ1698ቱን መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ግን ከላቲኑ ጎን የመካነ ሥላሴውን ሰው አማርኛ ያገኘዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።